ሦስቱ የበር ጠባቂዎች፦ ተማሪዎቼ «መልስ የለውም» ያሉት እንቆቅልሽ

ጠያቂ፦ የክበቡ አስተባባሪ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአንድ የሐረር ትምህርት ቤት የሒሳብ ክበብ አስተባብራለሁ። ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚከተለውን እንቆቅልሽ አቅርቤላቸው ነበር። በጁገል ግንብ ሦስት በሮች ላይ ሦስት ጠባቂዎች ቆመዋል። እያንዳንዱ ጠባቂ ወይ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፣ ወይ ሁልጊዜ ይዋሻል። የሸዋ በር ጠባቂ «የኤረር በር ጠባቂ ውሸታም ነው» ይላል። የኤረር በር ጠባቂ «የፈላና በር ጠባቂ ውሸታም ነው» ይላል። የፈላና በር ጠባቂ ደግሞ «የሸዋውም የኤረሩም ጠባቂዎች ውሸታሞች ናቸው» ይላል። እንግዲህ እውነተኛው ማን ነው?

ተማሪዎቹ ከፈላናው ጀመሩ። እሱ እውነተኛ ከሆነ ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው፤ ሆኖም ኤረር ውሸታም ከሆነ ሸዋ የተናገረው እውነት ሊሆን ነው፣ ይህም ሸዋ ውሸታም ነው ከተባለው ጋር ይጋጫል። ፈላና ውሸታም ከሆነ ደግሞ «ሁለቱም እውነተኞች ናቸው» አሉ፤ እውነተኛው ሸዋ ግን ኤረርን ውሸታም ብሎታልና ይህም ተጋጨ። ስለዚህ መልስ የለውም ብለው ደመደሙ። ስምንቱን አማራጮች በሰንጠረዥ አውጥቼ አንዱ እንደሚሠራ አሳየኋቸው፤ እነሱ ግን ሰንጠረዡን ተቀብለው የራሳቸውን መንገድም ትክክል ነው ይላሉ። የትኛው እርምጃ እንደተሰበረ በምን መንገድ ባስረዳቸው ይሻላል?

መልስ፦ የከዚራ ሰው (ድሬዳዋ)

መምህር፣ የመጀመሪያው ግማሽ እንከን የለበትም፤ ስብራቱ ያለው በሁለተኛው ግማሽ መጀመሪያ ላይ ነው። «ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው» የሚለው አባባል ሐሰት እንዲሆን ከሁለቱ አንዱ እንኳ እውነተኛ መሆኑ ይበቃል። ሁለቱም እውነተኞች መሆን አለባቸው ማለት አባባሉ ከሚያስገድደው በላይ መሄድ ነው። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቹ ሁለት አማራጮችን ሳይመረምሩ ጣሉ፤ መልሱም ከተጣሉት በአንዱ ውስጥ ነበር፦ ሸዋ ውሸታም፣ ኤረር እውነተኛ፣ ፈላና ውሸታም።

ይህ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በአውገስተስ ደ ሞርጋን ስም የሚጠራው ሕግ ነው፤ «ሀ እና ለ» ሐሰት የሚሆነው ሀ ወይም ለ ሐሰት ሲሆን ነው። ለልጆቹ ግን የሕጉን ስም ከማስተማር ይልቅ አንድ ልማድ ማስያዝ ይበጃል ባይ ነኝ። ውሸታም የተናገረውን ዓረፍተ ነገር በውስጡ ገብተው ቃል እየለወጡ አይገልብጡት፤ ሙሉውን እንዳለ ጽፈው መጨረሻው ላይ «የሚለው ሐሰት ነው» ብለው ይጨምሩ፣ ከዚያም ይህ በየትኞቹ ሁኔታዎች እንደሚፈጸም አንድ በአንድ ይዘርዝሩ። «ሁለቱም ውሸታሞች አይደሉም» ብለው ከጻፉ አንባቢው አንዳቸውም ውሸታም እንዳልሆኑ አድርጎ ይረዳዋል፤ ስህተቱም የሚጠነሰሰው እዚያው ላይ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መነሻው ራሱ ቢቀየር ሥራው በእጅጉ ይቀላል። አንድ ጠባቂ ሌላውን «ውሸታም ነው» ሲል ሁለቱ የግድ የተለያዩ ናቸው፤ ተናጋሪው እውነተኛ ከሆነ ያኛው ውሸታም ነው፣ ተናጋሪው ውሸታም ከሆነ ያኛው እውነተኛ ነው። ስለዚህ ሸዋና ኤረር ይለያያሉ፣ ኤረርና ፈላናም ይለያያሉ። ሸዋና ኤረር ከተለያዩ ከሁለቱ አንዱ እውነተኛ ነው፤ እንግዲያውስ ሁለቱንም ውሸታሞች ያለው ፈላና ዋሽቷል። ከእሱ የሚለየው ኤረር እውነተኛ፣ ከኤረር የሚለየው ሸዋ ውሸታም ይሆናል። አንድም ጊዜ «እንዲህ ቢሆንስ» ማለት አላስፈለገም። ሰንጠረዡም ቢሆን በሦስት ሰው ስምንት ረድፍ ብቻ ስለሆነ አይከብድም፤ በአምስት ሰው ግን 32 ረድፍ ይደርሳል።

ጠያቂ፦ የክበቡ አስተባባሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንዲት ተማሪ ያነሳችውን ጥያቄ ልጨምር። በእውነት መልስ የሌለው እንቆቅልሽ አለ ወይ? ካለስ፣ ከራሳችን ስህተት በምን እንለየዋለን?

መልስ፦ የከዚራ ሰው

አለ፤ ለእርስዎ ተማሪዎች ደግሞ ምሳሌው ከደጃቸው ነው። ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ ኤረርና ፈላና። አምስቱ ጠባቂዎች በግንቡ ዙሪያ ተራ በተራ እያንዳንዱ ቀጣዩን «ውሸታም ነው» ቢል፣ የመጨረሻውም የመጀመሪያውን እንዲሁ ቢል፣ ጎረቤታሞች ሁሉ መለያየት አለባቸው። ከአንዱ ተነስተን እውነተኛ፣ ውሸታም፣ እውነተኛ እያልን ስንዞር አምስተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ጎረቤታሞች ግን ናቸው። ከውሸታም ብንነሳም ያው ነው። መልስ የለውም ማለት የሚቻለው እንዲህ ነው፤ ሁሉም መንገድ ተሸፍኖ፣ እያንዳንዱም በግጭት ሲዘጋ። ተማሪዎችዎ ሁለት መንገድ ሳይሸፍኑ ነው የደመደሙት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ከጊዜ በኋላ የተጨመረውን ስድስተኛውን፣ ሐረር በርን፣ ያስገቡ። ስድስት ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ቁጥር ስለሆነ ዙሩ ያለ ግጭት ይዘጋል፤ ነገር ግን ከየትኛው እንደሚጀመር የሚወስን ነገር ስለሌለ ሁለት መልስ ይኖረዋል። አንድ ብቻ እንዲሆን ከፈለጉ የሸዋ በር ጠባቂ «ከስድስታችን መካከል እውነተኞቹ ከሦስት ይበልጣሉ» ብሎ ይጨምር። በሁለቱም መልሶች እውነተኞቹ ልክ ሦስት ስለሆኑ የሸዋው ጠባቂ ዋሽቷል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው እውነተኛ ይሆናል፣ የቀሩትም በዚሁ ቅደም ተከተል ይታወቃሉ።