የኋላ ታምቡር አልወጣ አለኝ፤ መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ምክራችሁን

ባለፒካፑ
ሰላም ለሁላችሁ። የኋላ ፍሬኗ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ የብረት ክዳን) የሆነ ፒካፕ አለችኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፍሬን ስይዝ ከኋላ በግራ በኩል ብረት ለብረት ሲፋቅ ይሰማኛል። የፍሬን ዘይቱም ትንሽ ጎድሏል። ዛሬ ጎማውን ፈታሁ፤ ታምቡሩ ግን አልወጣም። በእጄ ስስበው ሁለት ሚሊ ያህል ወደ ውጭ ይመጣና ይቆማል። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄዋለሁ። ጓደኛዬ ጠርዙን በመዶሻ ምታው ይለኛል። እንዳልሰነጥቀው ፈራሁ። ምን ላድርግ? ከወጣስ በኋላ ምን ምን ልይ?

ሰማያዊ ክሪክ
የታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ 8 ሚሊ ቡሎን አስገባባቸው። ሁለቱን እያፈራረቅክ ትንሽ ትንሽ አጥብቅ። ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። የእኔን ሁሌም በዚህ ነው የማወጣው።

የድሮ መካኒክ
ወንድሜ፣ መዶሻውን አስቀምጠው። ቡሎኑንም ቆይ። ቡሎን የሚጠቅመው ታምቡሩ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ላይ ዝጎ ሲጣበቅ ነው። ያ ቢሆን ደግሞ ጨርሶ አይነቃነቅልህም ነበር። ያንተ ሁለት ሚሊ መጥቷል፤ ስለዚህ ከሞዞው ለቋል። የያዘው ሸራው ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ታምቡሩን ከውስጥ የሚጫነው። ታምቡሩ ሸራው በሚነካው ቦታ ተበልቶ ይጎደጉዳል፤ ሸራው የማይደርስበት ጠርዝ ግን እንደ ከንፈር ከፍ ብሎ ይቀራል። ሸራው እዚያ ከንፈር ላይ ተጠልፏል። በጉልበት ካወጣኸው ሸራውን የሚይዙትን ፒኖችና ሞላዎች ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ግን የፊት ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ በፊትም በኋላም በደንብ ደግፋቸው። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቋል። ማርሽ ማስገባት አይበቃም፤ አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከሆነ ዲፈረንሻሉ እሱን ያዞረዋል እንጂ መኪናዋን አይዝልህም። ክሪኩን ብቻም አትመን፤ ካቫሌቶ (መኪናዋ የምታርፍበት የብረት እግር) አስገባ።

ከዚያ ከጀርባ፣ ሸራው የተገጠመበት ሳህን ላይ ትንሽ የጎማ መድፈኛ ታገኛለህ። ንቀለው። በቀዳዳው ውስጥ ኮከብ የመሰለ ጥርስ ያለው ማስተካከያ አለ። ወደ አንድ በኩል ስታዞረው ቀጭ ቀጭ እያለ በቀላሉ ይሄዳል። እሱ ማጥበቂያው ነው፤ ወደዚያ አትሂድ። መፍቻው አንዲት ምላስ የምትከለክልህ አቅጣጫ ነው። በቀጭን ካቻቪቴ ምላሷን ገፋ አድርገህ ያዝ፣ በሌላ ካቻቪቴ ኮከቡን አዙር። ሸራው ሲሰበሰብ ታምቡሩ በእጅህ ይወጣል።

ሲወጣ አቧራውን በአፍህም በኮምፕሬሰርም እንዳትነፋ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። በፍሬን ማጽጃ አርጥበህ ጥረገው። ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ ደግሞ ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ የሲሊንደሩ (ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፋው) ፒስተኖች ይወጣሉ።

ከማጽዳትህ በፊት ግን እይ። ይህን አጥብቄ የምለው አንድ ጊዜ ስለተቃጠልኩበት ነው። ሸራው ርሶ አገኘሁት፣ አዲስ ሸራ ገጠምኩና ዘጋሁት። ወር ሳይሞላ መኪናው ተመለሰ። የሚያፈሰው የአክስሉ ፓራኦሊዮ (የዲፈረንሻል ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ነበር፤ አዲሱንም ሸራ አበላሸው። እርጥበት ካየህ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እወቅ። የሲሊንደሩን ጎሚኒ (የጎማ ሽፋኑን) በጣትህ ገልበጥ አድርገው። ትንሽ ወዝ ችግር የለውም፤ ዘይት ከቋጠረ ግን ሲሊንደሩ አልቋል። ካልለየህ ጣትህን ነክረህ በውሃ ታጠብ። የፍሬን ዘይት በውሃ ይለቃል። የዲፈረንሻል ዘይት አይለቅም፣ ሽታውም እንደ ዲን ከባድ ነው።

ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም፣ በእሳት ቢለበለብም አይድንም። ጣለው። ታምቡሩ ላይ የተፈቀደው ትልቁ ስፋት ተጽፏል፤ ለካው፣ ካለፈ አይታረምም። አንዱን ጎን ጨርስ እንጂ ሁለቱንም በአንዴ አትፍታ። ሞላዎቹ ሲምታቱብህ ያልተፈታውን አይተህ ትገጥማለህ።

ሰማያዊ ክሪክ
ልክ ነዎት፣ ሁለት ሚሊ መምጣቱን ልብ አላልኩትም። የእኔ ሁሌም ዝገት ነበር።

ባለፒካፑ
ጋሼ፣ ወጣልኝ! ምላሷን ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተቸገርኩም። የፊተኛው ሸራ አልቆ የሪቬቶቹ (ሸራውን የያዙት የብረት ምስማሮች) ራስ ታምቡሩን ሲፍቅ ነበር። ሁለት ጥልቅ መስመር አውጥቶበታል። ጎሚኒውን ስገልጠው ዘይት ጠብ አለ፤ ጣቴን ስታጠብም ወዲያው ለቀቀ። ስለዚህ ሲሊንደሩ ነው አይደል? የቀኙንም ልፍታ?

የድሮ መካኒክ
አዎ፣ ሲሊንደሩ ነው። ግራውን ገጥመህ ስትጨርስ ቀኙን ፍታ። ሸራ በግራም በቀኝም አንድ ላይ ይቀየራል፤ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትትሃለች። የተፋቀውን ታምቡር ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጭበት) አሳየው። መስመሩ ሲነሳ ከተጻፈው ልክ በላይ የሚሰፋ ከሆነ አዲስ ግዛ።

አዲሱን ሲሊንደር ስትገጥም ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየሩን አውጣ። ሸራው ሳህኑን የሚነካበት ቦታ ላይ ግራሶ በስሱ ቀባ፣ ሸራው ፊት ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ። ከዚያ ኮከቡን እያጠበቅክ ታምቡሩን በእጅህ አዙር፤ ቀለል ያለ ፍቅፍቅ ስትሰማ አቁም። የእጅ ፍሬኑን ገመድ የምታስተካክለው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ገመዱን ቀድሞ ይወጥርና ሸራው ቦታው ላይ ሳይቀመጥ ይቀራል።

የቀኙንም ስትከፍት ያየኸውን ጻፍልኝ።