ነርሲንግ ከመጀመሬ በፊት የትኛውን ሥራ ብይዝ ይሻለኛል?

በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ስሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት እየሠራሁ፣ መኪና በማይገባበት ሰዓት የአናቶሚ መጽሐፌን ከመስኮቱ ሥር ገልጬ ሳነብ ቆይቻለሁ። ከቅድመ ትምህርቶቹ የቀረኝ ስታቲስቲክስ ብቻ ነው። የተቸገርኩት፣ በፌዴራል ሕግ ከ75 ሰዓት ማነስ የሌለበትን የነርስ ረዳት ሥልጠና ወስጄ በአረጋውያን መጦሪያ ልቀጠር ወይስ እዚሁ ልቆይ በሚለው ነው። የረዳትነቱ ሥራ ሕመምተኛ ማገላበጥን፣ ማጠብንና የደም ግፊት መለካትን እንደሚያስለምድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያነሣ የዋለ ወገብ ማታ ለጥናት መቀመጡን እጠራጠራለሁ (የአሁኑ ወንበሬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጥናት የተሠራ ይመስላል)። በዚህ ያለፋችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ረዳት ሆናችሁ መሥራታችሁ በሆስፒታል ልምምድ ወቅት በእርግጥ ጠቅሟችኋል? ከትምህርት ጋር የሚስማማ የቅዳሜና እሑድ ፈረቃስ ይገኛል? የሥልጠናው ምዝገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚዘጋ፣ ፈጥናችሁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።