ዕርዳታ ማስተባበሪያ መቼ ተቋቋመ? እህሉስ ከመጋዘን እስከ ቀበሌ እንዴት ይደርሳል?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ የወጣት ማኅበራችን ስለ ዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ታሪክ ገለጻ ሊያቀርብ ነው። ሦስት ነገር አልጠራልንም። ኮሚሽኑ የ1965ቱ ረሃብ ወሎን ሲፈጅ ነበረ ወይስ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው? ብዙ ሰው ከቀይ መስቀል ጋር አንድ አድርጎ ያወራዋል። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይባላል፤ ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ነው፣ ለ15 አይካፈልም። በተግባር እንዴት ነው የሚታደለው? ሦስተኛ፣ በ77 ማስጠንቀቂያ ነበረ ይባላል። ከነበረ ለምን አልደረሰም? የምታውቁ አስረዱን።

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱን እንለያያቸው።

ቀይ መስቀል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ በአባላቱና በበጎ ፈቃደኞቹ የቆመ ማኅበር ነው። የተመሠረተው ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው። ወሎ ሥራውን ያየችው ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ከአየር ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሕክምና ቦታም አልተረፈም። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ኮረም አጠገብ በቦምብ ተመታ። ዛሬ 907 ደውለን አምቡላንስ የምንጠራው ከዚሁ ማኅበር ነው።

ዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን የመንግሥት ነው፣ የተቋቋመውም በ1966 ነው። ረሃቡ ወሎ ላይ የበረታው በ1965 ስለነበር፣ ሰው ወደ ደሴና መቀሌ መንገድ ዳር ሲወርድ ተቀብሎ የሚያስተናግድ አንድም ብሔራዊ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ይህን በገለጻችሁ አጉሉት፤ ኮሚሽኑ የተወለደው ከወሎ ሬሳ ላይ ነው ብትሉ ማጋነን አይሆንም። ሰብሉ መክሸፉን የግብርና ባለሙያዎች አስቀድመው ሪፖርት አድርገው ነበር፤ ሪፖርቱ ታፍኖ ቀረ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶዎች አዲስ አበባ ላይ አሳዩ፣ በጥቅምት 1966 ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያቀረበው ፊልም ዓለም እንዲያውቅ አደረገ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚስተው ነው። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ እህል ጨርሶ አልጠፋም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የወጣ እህል ነበር። በሬውን በርካሽ የሸጠና እርሻው የከሸፈበት ገበሬ መግዣ ስላጣ ነው ያለቀው። ስለዚህ «ዝናብ ጠፋ፣ ሰው ሞተ» ብላችሁ አትዝጉት።

የከረጢት ቆጣሪ፦
ስለ እደላው እኔ ልመልስ።

የተለመደው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክ ወይም ባቄላ፣ 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች 4.5 ኪሎ አልሚ ዱቄት ይጨመራል፣ ሕዝቡ ፋፋ የሚለው ማለት ነው። አቅርቦት ሲያንስ እህሉ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል።

50 ለ15 እንደማይካፈል ልክ ብለሃል፤ ለዚህ ነው ሰው በቡድን የሚሰለፈው። አሥር ሰው ማለት 150 ኪሎ፣ ሦስት ድፍን ከረጢት። ዘይቱ ግን በአሥር አይሄድም። ባለ 4 ሊትሩ ጣሳ 3.7 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የሚበቃው ለስምንት ሰው ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ከፈለግህ አርባ ሰው ሰብስብ፦ 12 ከረጢት እህል፣ 5 ጣሳ ዘይት፣ አንድ ከረጢት ክክና ከሌላው 10 ኪሎ። አርባ ስትል ቤተሰብ ሳይሆን ነፍስ ቁጠር። ስምንት ቤተሰብ አርባ ነፍስ ሊሞላ ይችላል፤ ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት ከሦስት ነፍስ ቤት ጋር አንድ ቡድን ሲገባ ደግሞ ክፍፍሉ በሚዛን ካልሆነ ጠብ ነው።

ለሰው ብዛት ስታሰላ፦ 10 ሺህ ሰው በወር 1,500 ኩንታል፣ 3,000 ከረጢት ነው። ባለ ተሳቢ መኪና 220 ኩንታል ቢጭን ሰባት መኪና ይፈልጋል፤ ዘይትና ክኩን ሳትቆጥር።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ መኪናው ላይ። ጫኝና አውራጅ በመንጠቆ ሲጎትተው ከረጢቱ ይቀደድና በየመንገዱ ይፈሳል። ከየመኪናው አሥር ከረጢት ሳይመርጡ አንስቶ መመዘን፣ የጎደለውን ሾፌሩ ባለበት የጭነት ሰነዱ ላይ ጽፎ ከዚያ መፈረም ነው። መጀመሪያ ፈርመህ ኋላ ብትመዝን ጉድለቱ ያንተ ነው። የተቀደደው በዚያው ዕለት በሌላ ከረጢት ይታሸግ፤ ካደረ ለአይጥ ነው።

ሁለተኛው በጣሳ መስፈር ነው። አንዱ ጠቅጥቆ ሌላው ላላ አድርጎ ይሰፍራል፤ ስንዴና ማሽላ ደግሞ በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝኑም። ሰልፉ ቢረዝምም ሚዛን ይሻላል።

ሦስተኛው ከእደላው በኋላ የሚሆነው ነው። ስሙ የተዘለለ ጎረቤት አለ፣ ሰውም ጎረቤቱን ጾሙን አያሳድርም፤ የተሰጠው 15 ኪሎ ቤት ሲደርስ 7 እና 8 ይሆናል። ይህ የገበሬው ጥፋት አይደለም። ዝርዝሩ ከችግሩ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የተመዘገቡት ስም ከእደላው በፊት ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ይለጠፍ፣ ይነበብም፤ ቅሬታ የሚሰማው ከማደያው ዕለት በፊት ነው።

በልግ ጠባቂ፦
ሦስተኛው ጥያቄ ትልቁ ነው። በ77 ማስጠንቀቂያ ነበረ። ኮሚሽኑ ከ60ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል አቋቁሞ ነበር። መጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚሆን ሰው አደጋ ላይ መሆኑን፣ 900 ሺህ ቶን እህል እንደሚጎድል ነግሯቸዋል። የጠየቀው ግን ግማሹን፣ 450 ሺህ ቶን ነው፤ ከዚያ በላይ ማጓጓዝ አልችልም ብሎ። በ220 ኩንታሉ ሒሳብ ይህ ራሱ ከ20 ሺህ በላይ ምልልስ ነው። ለጋሾቹ ቁጥሩን አላመኑትም፤ የተሰጠው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። በመስከረም 1977 መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር የረሃብ ወሬ እንዲነሳ አልተፈለገም። ጥቅምት 13 ቀን መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረም ያነሱት ምስል በቢቢሲ ሲታይ ነው በሩ የተከፈተው። ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ።

ከዚያስ? መርከብ ተጭኖ አሰብ እስኪደርስ ወራት አለፈ። ልቅ የመጣው እህል ወደብ ላይ በከረጢት መሞላት ነበረበት፣ ከዚያ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነው፣ መኪኖቹም ለሠፈራ ተነጠቁ። ሰው የሞተው በእነዚህ ወራት ውስጥ ነው።

ለወሎ ደግሞ የተለየ ነገር አለ፤ በልግ። ደላንታ፣ መቄት፣ ዋድላ፣ ለጋምቦ ደጋው በየካቲትና መጋቢት ዝናብ ገብስ ዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ያጭዳል። የበልግ ምርት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ትንሽ እጅ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲደመር ክሽፈቱ አይታይም፤ ለደላንታ ገበሬ ግን የዓመት እንጀራው ነው። ቆላውም አይቀርለትም፦ በሚያዝያ የሚዘራው ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ እርጥበት ካጣ፣ የቆቦ ገበሬ በሐምሌ ወደ ጤፍና ሽንብራ ይዞራል፣ ምርቱም ያንሳል፣ ለከብቱ አገዳም አይኖርም።

ስለዚህ ጥሩ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ዝናብ ብቻ አይለካም። ገበያ ሂዱና አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ በየሳምንቱ ጻፉ። ትናንት ግማሽ ኩንታል የገዛ ፍየል ዛሬ 25 ኪሎ ከገዛ፣ የገበሬው አቅም በግማሽ ወርዷል። የእርሻ በሬ በእርሻ ወቅት ለገበያ ከቀረበ ደግሞ ጊዜ የለም።

ጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይጨምርላችሁ። አንድ ልጨምር፦ ኮምቦልቻ ያለው መጠባበቂያ መጋዘን የማን ነው? እህሉስ ሲቀመጥ አይነቅዝም?

የከረጢት ቆጣሪ፦
መጠባበቂያው የመንግሥት ነው፤ በ70ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ፣ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ራሱን ችሎ የተደራጀ ነው። መጋዘኖቹ ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ፣ ሻሸመኔ፣ ወላይታ ሶዶና ወረታ ናቸው፤ ግቡ 407 ሺህ ቶን እንዲደርስ ነበር። አሠራሩ ብድር ነው። ከለጋሽ የተረጋገጠ የእህል ቃል በእጁ ያለ ድርጅት መርከቡን ሳይጠብቅ ዛሬ ያወጣል፣ የራሱ ሲገባ ይመልሳል። በልግ ጠባቂ ያለው የወራት ክፍተት የሚደፈነው በዚህ ነው። ተበዳሪው ሳይመልስ ከቀረ ግን ለሚቀጥለው ድርቅ ባዶ መጋዘን ይጠብቃል።

ነቀዙን በተመለከተ፦ ቁልሉ በእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ከግድግዳ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ሰው ዞሮ እንዲያየው። ነቀዝ ከታየ ቁልሉ አየር በማያስገባ ሸራ ይሸፈንና ጠርዙ በአሸዋ በተሞላ ረጅም ከረጢት ይያዛል፣ ከውስጥ ጋዝ የሚያወጣ የፎስፊን ክኒን ይቀመጣል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ከሆነ 7 ቀን፣ ከ15 እስከ 25 ከሆነ 10 ቀን መቆየት አለበት፤ ለዚህ ነው የቆላው የቀን ስሌት ለደሴ ብርድ የማይሠራው። ቀድሞ የተገለጠ እንደሆነ ትልቁ ነቀዝ ይሞታል፣ እንቁላሉ ግን ይተርፍና በወሩ ይመለሳል። ጋዙ ሰው ስለሚገድል የሚሠራው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ማንም እዚያ መጋዘን ውስጥ አይደር።

ቦርከና፦
ለገለጻችሁ ስሞቹን አታምታቱ። ዕርዳታ ማስተባበሪያ በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፣ ኋላ ለተወሰነ ጊዜ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ገባ፣ ዛሬ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ሌላ ነው፤ እሱ ድርቅ ኖረም አልኖረም በየዓመቱ እህል ለሚያጥራቸው በአብዛኛው በሥራ የሚከፈል ነው። የኮሚሽኑ የድርቅ እደላ ውስጥ አትደምሩት።