ቤት ውስጥ አውሮፕላን ለመገጣጠም አርቪ-12 ወይስ ዜኒት 750?

ሰላም ጓዶች፣ ያለሁት ዴንቨር ነው፣ ስፖርት ፓይለት ላይሰንስ (የቀላል አውሮፕላን መንጃ ፈቃድ) አለኝ፣ ሰፋ ያለ ጋራዥም አለኝ፣ እና ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ራሴ ልገጣጥም ፈልጌ ቫንስ አርቪ-12 እና ዜኒት ሲኤች 750 መሀል ተወጥሬያለሁ። ብየዳ ምናምን አልችልም፣ የቱ ይሻለኛል?

ክንፉ፦ ብየዳው አያሳስብህ፣ ሁለቱም አሉሚኒየም ናቸው፣ ቀዳዳው ከፋብሪካ ተበስቶ ነው የሚመጣው፣ ያንተ ስራ በብዛት ሪቬት (ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ምስማር መሰል ነገር) መምታት ነው። ዋናው የት ልታርፍ ነው? ሳርና ጠጠር ላይ ከሆነ 750 ስቶል (በአጭር ሜዳ የሚነሳና የሚያርፈው)፣ ከአስፋልት አስፋልት ራቅ ብለህ ለመሄድ ከሆነ አርቪ-12፣ ፈጠን ይላል ክንፉም ሲያስፈልግ ተነቅሎ ይመለሳል።

አቡሽ፦ ኧረ ወንድሜ ዴንቨር እኮ 5,280 ጫማ ላይ ናት!! በጁላይ ሙቀት አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው 100 ፈረስ ጉልበት ሮታክስ 912 ሞተር ባህር ጠለል ላይ የሚሰጠውን እዛ አይሰጥህም፣ ሁለት ሰው ጭነህ ታንክ ሞልተህ ከመነሳትህ በፊት ሂሳቡን ስራ። ለኔ ከሞዴሉ በፊት ሞተሩ ነው።

ሰማይነህ፦ ወረቀቱንም አስብበት። አማተር ቢልት (ባለቤቱ ራሱ የሰራው) ብለህ ካስመዘገብክ ከግማሽ በላይ ስራው በአማተር መሰራት አለበት፣ 51 ፐርሰንት የሚሉት እሱን ነው፣ ግን ዲዛይኑን ማሻሻል ትችላለህ። አርቪ-12ን ኢ-ኤልኤስኤ (የሙከራ ቀላል ስፖርት አውሮፕላን) ብለህ ካስመዘገብከው ደግሞ ልክ እንደ ፋብሪካው ፕላን ነው የምትሰራው። ዜኒት ሚዙሪ ፋብሪካው ጋ ረደር (የጭራው መሪ) የምትሰራበት ወርክሾፕ አለው፣ ሄደህ እጅህን ሞክር፣ የሰራኸውንም ይዘህ ትመለሳለህ።

ጠያቂው፦ አሪፍ፣ ወርክሾፑን እሞክራለሁ። ሞተሩን ግን አሁን ልግዛ ወይስ ይቆይ?

አቡሽ፦ ይቆይ እንጂ፣ ሳታስነሳው ዋራንቲው ሊያልቅብህ ይችላል።