16/64 ላይ የሠራው ዘዴ 18/84 ላይ ለምን ኤክስ ሆነ?

የደብረ ብርሃኗ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። ትናንት የሒሳብ ደብተሩን ይዞ እያለቀሰ መጣ። 16/64ን አቃልል ሲባል ላይና ታች ያሉትን 6ቶች ሰርዞ 1/4 አለ። ራይት ተደረገለት። 18/84 ላይም 8ቶቹን ሰርዞ 1/4 አለ። ኤክስ! «እማዬ፣ ያው አሠራር አይደል እንዴ?» ይለኛል። ስህተት መሆኑ ይገባኛል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ።

ጡረተኛ መምህር፣ መሐል ሜዳ፦
እህቴ፣ ልጁ የጠየቀው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ አደራ እንዳትቆጪው። የመጀመሪያው መልስ በአጋጣሚ የገጠመ ነው። 16 ውስጥ ያለው 6 ስድስት ነው። 64 ውስጥ ያለው ግን ስድሳ ነው። ስድስትና ስድሳ እንዴት ይጣፋሉ?

በገብስ አሳዪው። ገበሬው 24 ቁና አግኝቶ ለባለመሬቱ 8 ቁና ቢሰጥ፣ እኛ አገር «ከሃያ አራት ስምንት ሰጠ» የሚል የለም። «ሲሶ ሰጠ» ነው የሚባለው። 24ቱን በስምንት ስምንት ብትከምሪው 3 ክምር ይወጣል፤ አንዱ የባለመሬቱ ነው። 8/24 ወደ 1/3 የተቃለለው እንዲህ ነው። ገብሱ አልጎደለም፤ የተቀየረው አቆጣጠሩ ነው። ላዕሉንም ታህቱንም ለ8 አካፈልን ስንል ይኸንኑ ማለታችን ነው።

18 እና 84 ደግሞ በስድስት ስድስት ይከመራሉ። ከላይ 3፣ ከታች 14። መልሱ 3/14 ነው። ትልቁ የጋራ አካፋይ 6 መሆኑ ቶሎ ካልታየው በ2 ይጀምር፤ 9/42 ያገኛል። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ገና ነው፤ ለ3ም ይካፈላሉ።

«አጣፋው» የምንለው ቃል ራሱ ልጆችን ያሳስታል። ሰርዝ ሳይሆን አካፍል እንበላቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦
ማረጋገጫም አለው፤ መስቀለኛ ያባዛ። 16 ሲባዛ በ4፣ 64 ነው፤ 64 ሲባዛ በ1ም 64። ገጠመ። 18 ሲባዛ በ4 ግን 72 ነው፤ 84 ሲባዛ በ1 ደግሞ 84። አልገጠመም። እንደ 16/64 በአጋጣሚ የሚገጥሙ ሌሎችም አሉ፤ 19/95፣ 26/65 እና 49/98።

የደብረ ብርሃኗ እናት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ 24 ፍሬ ባቄላ ጠረጴዛ ላይ አፈሰስኩለት። በስምንት ስምንት ከምሮ «ሲሶ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ 19/95ን ምንም ሳይሰርዝ ሞከረው። 95 ለ19 መካፈሉን እስኪያገኝ ቆየ፤ ግን አገኘው፣ 1/5። አሁን 49/98ን ይዟል፣ ተኛ ብለው እምቢ አለኝ።