ከአያቱ በር የሠራሁለት ጊታር ቅኝት አልይዝ አለኝ፤ ብሪጁን ነቅዬ ልግፋው?

መሮ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የቤት ዕቃ ነው፤ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በር። በጎን ኤሌክትሪክ ክራር እሠራለሁ፣ እስካሁን አሥራ አንድ ሸጫለሁ። ጊታር ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ገና ከእጄ ሳይወጣ ሊያሳፍረኝ ነው።

ያዘዘኝ ልጅ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ግራኝ ነው። የግራ እጅ ጊታር እዚህ ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ የቀኝ ጊታር ገልብጦ ነው የተጫወተው። ፒያሳ የነበረው የአያቱ ቤት ሲፈርስ የጓዳውን በር አስቀርቶ ኖሮ ታክሲ ላይ ጭኖ አመጣልኝ። ዋንዛ ነው። ሦስት ድርብ ቀለም ፍቄ ስልገው ያ ማር የመሰለ ቀለሙ ወጣ። «ከዚህ ሥራልኝ» አለ። ሁለት ጣውላ አጋጥሜ በኮላ አጣብቄ ገላውን አወጣሁለት። አንገቱ ከአሮጌ ጠረጴዛ የወጣ ቀረሮ ነው፣ የጣት ሰሌዳው ወይራ። ፒካፖቹን (የክሩን ድምፅ የሚያነሱትን ማግኔቶች)፣ ብሪጁን (ገላው ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብረት)፣ ትረስ ሮዱን (አንገቱ እንዳይለመጥ ውስጡ የሚገባውን ዘንግ) እና መቃኛዎቹን ራሱ ከውጭ አስመጣ።

ችግሩ እንዲህ ነው። የክሩን ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው የያዝኩት፣ የፌንደር ጊታሮቹን፣ 25.5 ኢንች የሚባለውን። ክሩን ባዶውን በቱነር ቃኝቼ 12ኛው ፍሬት (የጣት ሰሌዳው ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች 12ኛው) ላይ ስይዘው ከፍ ይላል፤ ወፍራሙ ኢ በ14 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)፣ ቀጭኑ ኢ በ5፣ ሌሎቹ በሁለቱ መሐል። ሳድሎቹን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ተንቀሳቃሽ ቁራጮች) ወደ ኋላ ልጎትት ብዬ ብሎኑን አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ አለቀ። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ናቸው። 1ኛው ፍሬት ላይም ይስታል፤ ጂ ክር 20 ሴንት ይዘላል። አምፕ ላይ ስሰካው ደግሞ እምምም እያለ ያጉረመርማል።

ብሪጁን ነቅዬ ወደ ኋላ ልግፋው ወይ? የምፈራው ቀዳዳውን ነው። ሌላ በር የለም። ልጁ መስከረም ላይ ዱባይ ኮንትራት ስላለው የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው።

ክር በጣሽ

ወንድሜ አንገቱን ጣለውና ፍሬቱ የተቆረጠለት አንገት እዘዝ። ፍሬት መቁረጥ ከአናጺ ጋር አይሄድም። በነገራችን ላይ ስንት ተስማማችሁ?

የዲሲው ግራኝ

ምን ቸኮልክ አቦ፣ ፍሬቱ ጥፋተኛ መሆኑን ማን ነገረህ? መሮ፣ እኔም ግራኝ ነኝ፣ ልጁን በደንብ ነው የምረዳው። አራት ነገር ንገረን። ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በቦዮቹ ከሚያልፉበት ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት ስንት ሚሊ ነው? ፍሬቶቹን ስትለካ ሁሉንም ከነቱ ተነስተህ ነው ወይስ ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ? ብሪጁን ያሰርክ ቀን ሳድሎቹ የት ነበሩ? የብሪጁ ብሎኖችስ ሳህኑ ላይ የት ጋ ናቸው?

መሮ (ጠያቂ)

324 ልክ። 648ን ለ17.817 (ለፍሬት መለኪያው ቋሚ ቁጥር) አካፍዬ የመጀመሪያውን 36.37 አገኘሁ፤ የቀሩትን በዚያው ስሌት አውጥቼ ሁሉንም ከነቱ ነው የለካሁት። 5ኛው 162.55፣ 7ኛው 215.51። ብሪጁ ሲመጣ ሳድሎቹ ወደ ኋላ እንደተጎተቱ ነበር፤ አልነካኋቸውም፣ አናታቸውን 648 ላይ አድርጌ አሰርኩ። አራት ብሎን በአንድ ረድፍ ነው፣ ከሳህኑ የፊት ጠርዝ 15 ሚሜ ገባ ብሎ። ክሩ ከብሪጁ ጀርባ ነው የሚገባው፣ ገላውን አይበሳም።

ዋጋውን አትጠይቁኝ። የክራር ዋጋ ነው የነገርኩት።

የድሮ ባንድ ጠጋኝ

ልጄ፣ ፍሬትህ ደህና ነው። 324 ካለህ ማንም አንገትህን ጣለው እንዳይልህ።

የሳትከው አንድ ቦታ ነው፣ እሱም ከክራር የመጣ ነው። ክራር ላይ ክር ባዶውን ነው የሚመታው፤ ርዝመቱ ርዝመቱ ነው፣ አለቀ። ጊታር ላይ ግን ክሩን ወደ ፍሬት ስትጫነው ትንሽ ትወጥረዋለህ፣ ሲወጠር ድምፁ ይወጣል። ወፍራሙ ግትር ስለሆነ የበለጠ ይወጣል። ስለዚህ 648 ፍሬት የሚቆረጥበት ቁጥር ነው እንጂ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ክሩ ከዚያ አለፍ ማለት አለበት፣ ቀጭኑ ጥቂት፣ ወፍራሙ በርከት አድርጎ። ብሪጅ የሚታሰረው የቀጭኑ ኢ ሳድል ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አናቱን 648 ላይ አድርጎ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀርልሃል። አንተ ገልብጠህ አሰርከው።

አሁን ስሌቱ። በዚህ ርዝመት ሳድል 1 ሚሜ ወደ ኋላ ሲሄድ 12ኛው ፍሬት ላይ 2.7 ሴንት ያህል ይወርዳል። 14 ሴንትህ 5 ሚሜ ከምናምን ይጠይቃል፣ 5 ሴንትህ ደግሞ 2 ሚሜ የማይሞላ። ብሪጁን 7 ሚሜ ወደ ኋላ ውሰደው፤ ወፍራሙም ለወደፊት ትንሽ መንቀሳቀሻ ይተርፈዋል።

ስለ ቀዳዳው አትጨነቅ። ከፊት ጠርዝ 15 የነበረው፣ ሳህኑ 7 ሲያፈገፍግ 8 ላይ ይውላል። አሁንም ከሳህኑ ሥር ነው። ከበሩ የተረፈ ቁራጭ አለህ አይደል? ከእሱ 6 ሚሜ ውፍረት ያለው ውታፍ ላግ፣ ቀዳዳውን በ6 አስፋ፣ የውታፉ ቃጫ ከገላው ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ በኮላ ድፈን፣ አሳድረው። ትራፓኖ ከማንሳትህ በፊት ግን ከሁለቱ ኢ መቃኛዎች የስፌት ክር እስከ ብሪጁ ወጥረህ በአንገቱ ግራና ቀኝ እኩል ዳር መተዉን እይ። እኔ በወጣትነቴ ይሄን ዘልዬ ቀጭኑ ክር ከአንገቱ ጠርዝ የሚወድቅ ጊታር ለሰው አስረክቤያለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

የዲሲው ግራኝ

ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የ1ኛውን ፍሬት ልያዝ፤ እሱ ከብሪጁ ጋር አይገናኝም፣ ነትህ ከፍ ብሏል። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ጫነውና 1ኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት እይ። አንድ የቢሮ ወረቀት ብቻ የሚያልፍበት ከሆነ ልክ ነው፤ ወረቀቱ 0.1 ሚሜ ገደማ ነው። የታጠፈ ወረቀት ዘው ብሎ ከገባ ቦዩን አውርደው። ነቱ ከምን ነው?

መሮ (ጠያቂ)

ከበሬ አጥንት። ሥጋ ቤት ለምኜ፣ ቀቅዬ፣ አድርቄ። ሰፈሩ በሙሉ ሾርባ ነው የመሰለው። ወረቀቱን ሞከርኩ፤ ጂ ላይ አራት እጥፉ አለፈ።

የዲሲው ግራኝ

አገኘኸው በለኛ። የነት ሞረድ ስብስብ ውድ ነው፣ አትግዛ። መርካቶ ብየዳ ዕቃ ከሚሸጡት ጋ የኦክሲጅን ብየዳ አፍ ማጽጃ ጠይቅ፤ በቆርቆሮ ማቀፊያ ውስጥ የተደረደሩ፣ ውፍረታቸው የተለያየ፣ ሸካራ ሽቦዎች ናቸው። ለየክሩ የሚስማማውን መርጠህ ቦዩን ወደ መቃኛዎቹ በኩል ዝቅ እያደረግክ ሞርድ፤ ክሩ ማረፍ ያለበት በጣት ሰሌዳው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ሞርድ፣ ቃኝ፣ ለካ። እንደገና ሦስት ጊዜ። አሳልፈህ ካወረድከው የአጥንቱን ዱቄት ቦዩ ውስጥ ነስንሰህ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርግበት፣ ሲደርቅ እንደ አዲስ ትቆርጠዋለህ።

ሳልዳቶሪ

ጉርምርምታው የኔ ነው። አምፕ ላይ እንደሰካኸው ክሮቹን በመዳፍህ ንካ። ካልቀነሰ፣ የጃኩን (የገመዱን መሰኪያ) ብረት ስትነካ ግን ከቀነሰ፣ ክሮችህ ከግራውንድ (ከመሬት መስመሩ) ጋር አልተገናኙም ማለት ነው። ከብሪጁ ሥር ወደ ቮልዩሙ ጀርባ የሚሄድ ሽቦ አድርገሃል?

መሮ (ጠያቂ)

ምን ሽቦ?

ሳልዳቶሪ

እንግዲህ ብሪጁን መንቀልህ ካልቀረ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ከብሪጁ ሥር ወደ ፖቶቹ (የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹ) ጉድጓድ ቀጭን ቀዳዳ በስተህ ሽቦ አሳልፍ፤ ጫፉን 2 ሴንቲ ልጠህ ሳህኑ እንዲጫነው ዘርጋው፣ ሌላውን ጫፍ ከቮልዩሙ ጀርባ በስታኞ በይደው። ቫርኒሽ የተቀባ ቦታ ላይ ቢሆንም ችግር የለም፣ ሽቦው ብረቱን ይንካ ብቻ። ጉድጓዱን በመዳብ ፕላስተር አልብስና እሱንም ከዚያው ግራውንድ ጋር አገናኝ። የኩሽና ፎይል የሚሉህ አሉ፣ አልሙኒየም ስታኞ አይዝም፣ ተወው። ፒካፖቹ ነጠላ ጥቅል ከሆኑ ጥቂት ጉርምርምታ ይቀራል፤ ተፈጥሯቸው ነው።

ለልጁ ደግሞ አንድ ነገር ንገረው። ክሮቹ ከዛሬ ጀምሮ በአምፑ በኩል ከግድግዳው ግራውንድ ጋር ተገናኝተዋል። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ያለበት መድረክ ላይ ከዘፈነ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ሊነዝረው ይችላል። ከመጀመሩ በፊት በቴስተር ከክሩ እስከ ማይኩ ብረት ቮልት ይለካ።

ክር በጣሽ

ይሁን፣ አንገቱን አትጣለው፣ ተሸነፍኩ። ግን ወይራው መቼ የተቆረጠ ነው? እርጥብ ከሆነ ዱባይ ሲገባ ኤሲው ያደርቀውና የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል። ምድጃ አጠገብ ሁለት ቀን ስቀለው።

የድሮ ባንድ ጠጋኝ

ምድጃ አጠገብ! ነጩ ኮላ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ የጣት ሰሌዳው ይላቀቅበታል። ስለ መድረቁ ያልከው ግን ትክክል ነው። መሮ፣ ወይራው?

መሮ (ጠያቂ)

የገዛሁት ከአራት ወር በፊት ነው ጋሼ። ደርቋል ብለው ነው የሸጡልኝ።

የድሮ ባንድ ጠጋኝ

የሻጭን «ደርቋል» እመን አልልህም። ከተጣበቀ ወዲህ ሌላ መፍትሔ የለም፤ ከኩሽናና ከመታጠቢያ የራቀ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውና የፍሬቶቹን ጫፍ የመጨረሻ ሞረድ ለመጨረሻው ቀን አቆየው። ጣትህን በአንገቱ ዳር አንሸራት፤ የሚቧጥጥህ ካለ 45 ዲግሪ አድርገህ ሞርደው። ልጁም እዚያ ሄዶ ሊያስሞርደው እንደሚችል ከአሁኑ ይወቅ።

መሮ (ጠያቂ), ከዘጠኝ ቀን በኋላ

ቤተሰብ፣ ብሪጁን ነቀልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ውታፎቹን ከበሩ ቁራጭ ላግሁ፣ 7 ሚሜ አፈገፈግሁ፣ ሽቦውን ዘረጋሁ። ወፍራሙ ኢ 12ኛው ላይ 1 ሴንት፣ ቀጭኑ ዜሮ። ጂ 1ኛው ላይ 4 ነው፣ እዚያ ላይ ፈርቼ አቆምኩ። ማጽጃ ሽቦዋ ከጠበቅኳት በላይ ትበላለች። ጉርምርምታው ክሩን ስነካ ጸጥ ይላል።

ልጁ ትናንት መጥቶ ቆሞ ትዝታ ተጫወተበት፣ ሳይገለብጥ። ቮልዩሙ አጠገብ ከበሩ የቀረ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ ልድፈንልህ ብለው እንዳትነካው አለኝ።

የቀረኝ ጥያቄ፦ በአውሮፕላን ሲሄድ ክሩን ልፍታለት ወይስ እንዳለ ይሂድ?

የድሮ ባንድ ጠጋኝ

እንዳለም አይሂድ፣ አትፍታውም። አንድ ሁለት ድምፅ ያህል አላላው። አንገቱ ላይ የሚጎትተው የክር ኃይል ወደ 45 ኪሎ ነው፤ ጨርሰህ ብትፈታው ትረስ ሮዱ ብቻውን ወደ ኋላ ይለምጠዋል። የመቃኛዎቹን ጭንቅላት ከሥሩ በጨርቅ ደግፈው፣ ሣጥን ሲወድቅ አንገት የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። የትረስ ሮዱን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ አድርግለትና ከመሄዱ በፊት ሩብ ዙር እንዴት እንደሚዞር ፊትህ ያሳይህ።