ካርቡሬተር ፈትቼ ከገጠምኩ በኋላ ሚኒሞ አልይዝ አለኝ

ሰላም ጓዶች፣ የድሮ መኪናዬን ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ፈትቼ አጥቤ ጓርኒሲዮኑንም (ከስሩ አየር እንዳያስገባ የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይሬ ገጠምኩት፣ ሲነሳ ይነሳል ግን ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቀስ ብሎ መስራት) አይዝም ይጠፋል፣ ነዳጅ ድንገት ስረግጥ ደሞ መጀመሪያ ያንቀዋል ከዛ ነው የሚፈጥነው። የሚክስቸሯን ብሎን (የቤንዚንና የአየር ድብልቁን የምታስተካክለውን) ባዞር ባዞር ለውጥ የለም። ምን ልይ?

— ብሎኗ ለውጥ ካላመጣች ወይ የሚኒሞው ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ተደፍኗል ወይ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ሞተሩ እየሰራ የካርቡሬተሩ መቀመጫ ዙሪያ ካርቡሬተር ማጽጃ በትንሹ ንፋ (እሳት ተጠንቀቅ እንጂ)፣ ድምፁ ከተቀየረ አየር የሚገባው በዛ ነው። ጂግለሩን ደሞ በሽቦ እንዳትጎረጉረው፣ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ሲበላ ይኖራል፣ በኮምፕሬሰር ንፋው።

— ስትረግጥ የሚያንቀው ሌላ ጉዳይ ነው ወንድሜ፣ የካርቡሬተሩን ፓምፕ (ስትረግጥ ተጨማሪ ቤንዚን የሚረጨውን) እይ። ሞተሩን አጥፋ፣ የአየር ፊልትሮውን አንሳና ከላይ ወደ ውስጥ እያየህ የነዳጅ መርገጫውን ገመድ ሳብ፣ ቀጭን የቤንዚን መስመር ወዲያው ቀጥ ብላ መተኮስ አለባት። ከዘገየች ወይ ከተንጠባጠበች ዲያፍራሙ (የፓምፑ ጎማ) ወይ የምትረጭበት ቀዳዳ ነው።

— አየር መሳቡንና ፓምፑን ሳትጨርስ ቱኒንግ (ማስተካከል) አትጀምር። ከዛ ሞተሩን በደንብ አሙቅ፣ የሚክስቸሯን ብሎን እስክትነካ ብቻ ዝጋ፣ ካጠበቅካት ጫፏ ይበላሻል፣ 1 ዙር ተኩል አካባቢ ክፈትና ሞተሩ በጣም ፈጥኖ ሳይንቀጠቀጥ የሚሰራበትን ቦታ ፈልግ፣ ሚኒሞውን በሌላኛዋ፣ ፍጥነቱን በምታስተካክለው ብሎን አውርድ። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል።

— ማጽጃውን ስነፋ ድምፁ ተቀየረ! ጓርኒሲዮኑ አንድ ጎን ተጣጥፎ ነው የተቀመጠው። ፓምፑን ነገ አያለሁ።